ባንኮክ ኤርፖርት ያለው ሐውልት የሂንዱ ነው የቡድሃ? ህንድ እነሱን ወርራ ታውቃለች እንዴ?

የመርካቶ ልጅ 12፦

ሰላም የቤቱ ልጆች እንዴት ናችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፣ ሞኝ ጥያቄ ከሆነም አትሳቁብኝ። እኔ በልብስ ንግድ ምክንያት ባንኮክ በአመት ሁለት ሶስቴ እመላለሳለሁ፣ እና ልወጣ ስል ኤርፖርቱ ውስጥ ሁሌ የማልፈው አንድ ግዙፍ ሐውልት አለ፣ ባለ ብዙ ራስ እባብ መሀል ላይ ተራራ ላይ ተጠምጥሞ በአንድ በኩል አማልክት የሚመስሉ በሌላ በኩል ደሞ አጋንንት የሚመስሉ ሆነው እንደ ገመድ ጉተታ ይጎትቱታል። ስንቴ ፎቶ ተነስቼበት ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው በረራ ዘግይቶብን ተኮልኩለን ቁጭ ስንል አጠገቤ የነበረ ህንዳዊ ነጋዴ "ይሄ እኮ የኛ ነው፣ የሂንዱ ታሪክ ነው" አለኝ። እኔ ደሞ ታይላንድ የቡድሃ አገር ናት ብዬ ነው የማውቀው፣ መነኮሳቱን በጠዋት ባዶ እግራቸውን እየዞሩ ምግብ ሲቀበሉ በአይኔ አያለሁ። ከዛ ትዝ ሲለኝ ከተማው መሀል መንገድ ዳር አበባና እጣን ይዘው የሚሰለፉበት ባለ አራት ፊት ጣኦትም አለ፣ እሱንም ሰውዬውን ብጠይቀው ብራህማ ነው፣ እሱም የኛ ነው አለኝ።

እና ጥያቄዬ፣ እነዚህ ሰዎች ሂንዱ ነበሩ ከዛ ቡድሂስት ሆኑ ነው ወይስ ሁለቱንም ናቸው? ህንድ በጥንት ጊዜ ወርራቸው ነበር? ሃይማኖቱስ ገብቶ ኑሯቸውን ምን አደረገው፣ ማለቴ ንግዱን አስተዳደሩን ምናምን? የማን ሃይማኖት ይበልጣል የሚል ክርክር ግን በፈጠራችሁ እዚህ እንዳይጀመር።

ድንጋይ አንባቢ፦

ኧረ ምኑ ሞኝ ነው፣ ምሁራኑ ራሳቸው መቶ አመት ሊሞላቸው ነው ሲጨቃጨቁበት። ባጭሩ ልሞክር፣ እንደማልችል ግን አውቃለሁ።

ሐውልቱ "የወተት ባህር መናጥ" የሚባለው የሂንዱ ታሪክ ነው። አማልክቱና አሱራዎቹ (የአማልክቱ ባላንጣዎች በላቸው) ሞትን የሚያስቀር መጠጥ ከባህሩ ለማውጣት ተስማምተው ባህሩን እንደ ወተት ናጡት፣ ተራራው መናጫ እንጨት ሆነ እባቡ ደሞ ገመድ። እኛ አገር ቅሉን ራሱን እየገፋን ስለሆነ የምንንጠው ስዕሉ ቶሎ አይገባንም፣ ህንዶች ግን እንጨቱ ላይ ገመድ ጠምጥመው ግራና ቀኝ እየሳቡ ነው የሚያሽከረክሩት። የዚህ ታሪክ ዝነኛው ቅርጽ ያለው ካምቦዲያ ነው፣ አንኮር ዋት ግድግዳ ላይ ወደ 49 ሜትር የሚሄድ፣ 92 አሱራ ባንድ በኩል 88 አማልክት በሌላ በኩል። አንኮር ዋትን ያሰራው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የክመሮች ንጉሥ ዳግማዊ ሱርያቫርማን ነው፣ ያሰራውም ቪሽኑ ለሚባለው የሂንዱ አምላክ ነው። ዛሬ ግን እዛው ቤት ውስጥ የቡድሃ መነኮሳት ናቸው ያሉት፣ የአገሪቱ ባንዲራ ላይ ያለውም እሱ ነው። ያንተ ጥያቄ አንድ ህንጻ ላይ ተቀርጾ አለ ማለት ነው።

ወረራ ላልከው፣ የለም። በ1025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የደቡብ ህንድ ቾላዎች ሱማትራ ላይ የነበረውን የስሪቪጃያ መንግሥት በመርከብ ሄደው ወግተዋል፣ ግን ያኔ ሃይማኖቱ እዛ ከገባ ስንት መቶ አመት አልፎታል፣ ወግተውም ተመለሱ እንጂ ተቀምጠው አልገዙም። ያመጣው ንግድና ነፋስ ነው። መርከብ ሞንሱን በሚባለው፣ በየወቅቱ አቅጣጫውን በሚቀይረው ነፋስ ይሄዳል፣ ነፋሱ ዞሮ እስኪመልሰው ድረስ ወራት ወደብ ላይ መቀመጥ ግድ ነው። ነጋዴው እዛው ቤት ይከራያል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ የሚጸልይለት ሰው ያስመጣል። ደቡብ ቬትናም ኦክ ኤኦ የሚባል የጥንት ወደብ ተቆፍሮ የሮም ቄሳር የአንቶኒኖስ ፒዮስ ምስል ያለበት ሜዳሊያ ተገኝቷል፣ እንግዲህ ንግዱ የት ድረስ እንደሚደርስ አስበው።

አሁን ራስህን የአገሬው አለቃ አድርገህ ገምት። በዙሪያህ እንዳንተው ያሉ ሃያ አለቆች አሉ፣ ጦር ቢኖርህ ዛሬ ታሸንፋለህ ነገ ትሸነፋለህ። እና አንድ ብራህሚን (የሂንዱ ካህን) ከመርከብ ወርዶ ጽሕፈት ያውቃል፣ ዘመን ይቆጥራል፣ ግርዶሽ መቼ እንደሚሆን ያሰላል፣ ሕግ በቃሉ ይዟል፣ ከሁሉም በላይ ግን ሰውን ንጉሥ የሚያደርግ ሥርዓት ያውቃል። አትይዘውም? ትይዘዋለህ እንጂ! በ802 ዳግማዊ ጃያቫርማን የሚባለው ኩለን ተራራ ላይ ወጥቶ ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ብራህሚኑ ሥርዓቱን ፈጸመለትና ከሌሎቹ አለቆች በላይ የዓለም ንጉሥ ነኝ አለ። እኛ ሥዩመ እግዚአብሔር ስንል ከኖርነው አሳቡ ብዙ አይርቅም። (ይሄ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው ግን ከ250 አመት በኋላ ነው፣ የጻፉትም የዛ ብራህሚን ሥራ ወራሾች ነን የሚሉ ቤተሰቦች ናቸው፣ ስለዚህ ትንሽ ጨው ነስንሰው ይሆናል ብላችሁ አንብቡት።)

ጽሕፈቱ ነው እኔን የሚገርመኝ። የክመር፣ የታይ፣ የጃቫ ፊደል ሁሉ ዘሩ ከደቡብ ህንድ ፊደል ነው የሚመዘዘው። በክመር ቋንቋ ተጽፎ ዘመን ያለበት የመጀመሪያው ድንጋይ የ611 ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ቋንቋ ታገኛለህ፣ ላዩ ላይ በሳንስክሪት (የህንድ የጥንት የሃይማኖት ቋንቋ) ግጥም አማልክቱና ንጉሡ ይወደሳሉ፣ ከስር ደሞ በክመር ተራ ቋንቋ ስንት ማሳ ሩዝ፣ ስንት ባሪያ፣ ስንት ከብት፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት እንደሆነ ይዘረዘራል። ውዳሴው በግዕዝ የመሬቱ ጭቅጭቅ ባማርኛ ብንል ወንጌሎቻችን ባዶ ገጽ ላይ ርስት ሲመዘገብ የኖረውን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እና ዜሮ! ካምቦዲያ የተገኘ አንድ ድንጋይ ላይ 605 የሚል ዘመን አለ (በነሱ አቆጣጠር፣ በፈረንጅ 683 መሆኑ ነው)፣ መሀሉ ላይ ያለው ዜሮ አንድ ነጥብ ነው። በዓለም ከተገኙት ጥንታዊ ዜሮዎች አንዱ ይሄ ነው፣ የተጻፈው ግን ለሂሳብ ትምህርት ሳይሆን ለመቅደስ ጉዳይ ነው።

የመርካቶ ልጅ 12፦

ውይ ወንድሜ እጅህ ይባረክ፣ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ግን ቡድሃው የት ገባ? እስካሁን ያልከኝ ሁሉ ሂንዱ ነው።

ድንጋይ አንባቢ፦

አብሮ ነው የመጣው፣ ባንድ መርከብ ላይ በለው። እንደውም ለነጋዴ የሚመቸው ቡድሃው ነበር፣ ምክንያቱም በጥንቱ የብራህሚን ሕግ ባህር መሻገር ራሱ ከወገን የሚያስወጣ ርኩሰት ተብሎ ተጽፏል (ስንቱ ብራህሚን እንደተሻገረ ሳይ ግን ሕግና ኑሮ እዛም አይገናኙም ማለት ነው)። ቡድሂዝም እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም፣ ከየትኛው ዘር ተወለድክም አይልህም። ህንድ ውስጥ ከወደብ ወደ መሀል አገር በሚወስዱት የንግድ መንገዶች ላይ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሰሩትን የቡድሃ ገዳማት ብታይ፣ ካርላ የሚባለውን ለምሳሌ፣ ምሰሶው ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? የነጋዴና የእጅ ሙያተኛ፣ ይሄን ምሰሶ ያሰራሁት እኔ እገሌ ነኝ እያለ። ገዳሙ ለመንገደኛው ማረፊያም ነው።

ደሞ እኛ እንደለመድነው ወይ ይሄ ወይ ያ የሚባል ነገር አልነበረም። ንጉሡ ለሂንዱው አምላክ ለሺቫ ያሰራል ሚስቱ ለቡድሃ ትሰጣለች፣ ሁለቱም በሰላም ያድራሉ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1181 በነገሠው በሰባተኛው ጃያቫርማን ነው። ከሱ በፊት ከምስራቅ (ከዛሬዋ ቬትናም) የመጡት ቻሞች ዋና ከተማውን አንኮርን ዘርፈው አቃጥለው ሄደዋል፣ ያኔ የድሮዎቹ አማልክት ምን ጠቀሙን ያለ ሰው ሳይኖር አልቀረም። ጃያቫርማን የማሃያና ቡድሂስት ነው፣ ማሃያና ከትልልቆቹ የቡድሂዝም ዘርፎች አንዱ ነው። ባለ ብዙ ፊቱን ቤተ መቅደስ ባዮንን ያሰራው እሱ ነው። በ1186 ባስቆመው ድንጋይ ላይ በግዛቱ 102 ሆስፒታሎች እንዳሉ ይናገራል፣ በ1191 ያስቆመው ሌላ ድንጋይ ደሞ መንገድ ዳር 121 የመንገደኛ ማረፊያ ቤቶች እንዳሉ። በየሆስፒታሉ በቆሙት ድንጋዮች ላይ ደሞ ስንት ሐኪም ስንት አስታማሚ እንደሚመደብ፣ ማርና ሰሊጥ ቅመሙ ሳይቀር ከንጉሡ ግምጃ ቤት ስንት እንደሚወጣ ተቆጥሯል። ሕዝቡ ሲታመም ከራሱ ሕመም ይልቅ የሕዝቡ ያመዋል የሚል ቃልም አለባቸው። እና ሚስቱ ኢንድራዴቪ! የቡድሃ መነኩሲቶችን ታስተምር ነበር፣ የራሷን ረጅም የሳንስክሪት ግጥም ድንጋይ ላይ አስቀርጻለች፣ ሟች እህቷን (እሷም የንጉሡ ሚስት ነበረች) እያወደሰች።

አሁን ባንኮክ የምታየው ግን የሱ ዓይነት ቡድሂዝም አይደለም፣ ከዛ በኋላ በስሪላንካና ሞን በሚባሉት የአካባቢው ሕዝቦች በኩል የገባው ቴራቫዳ የሚባለው ሌላው ዘርፍ ነው። በ1296 አንኮር የመጣው የቻይና መልእክተኛ ዙ ዳጓን ቢጫ ለብሰው ራሳቸውን ተላጭተው በቀን አንዴ ብቻ የሚበሉ መነኮሳት አይቷል፣ ልጆች እነሱ ጋ እየሄዱ ፊደል እንደሚቆጥሩም ጽፏል። ቴራቫዳ ግዙፍ ድንጋይ አይፈልግም፣ የእንጨት ቤትና ሩዝ የሚሰጥ መንደር ይበቃዋል፣ ከሱ በኋላ አንኮር ላይ እንደ በፊቱ ያለ ትልቅ የድንጋይ ቤተ መቅደስ አልተሰራም። ሃይማኖቱ ከቤተ መንግሥት ወደ መንደር ወረደ ማለት ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል ቤተ መንግሥቱ ሲወድቅ አብሮ ያልወደቀው።

እስኪ እናያለን፦

ጥሩ ነው ግን ወንድማችን በጣም አሳመርከው። ድንጋዩን ማን ተሸከመው? አንኮር ዋት የተሰራበት ድንጋይ ከኩለን ተራራ ነው የመጣው፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንተው የጠቀስከው የ1186ቱ ድንጋይ ታ ፕሮም የሚባለውን አንዱን መቅደስ ብቻ ለማገልገል ከ3,140 መንደር ወደ 80,000 ሰው ተመድቧል ይላል፣ ግቢው ውስጥ የሚኖሩት ብቻ ከ12,000 በላይ። አንድ መቅደስ ነው ይሄ! ሩዙ ከማን ማሳ ነው የሚሄደው? ከዛ በቀደሙት ድንጋዮች ላይ የባሪያዎቹ ስም ሲዘረዘር "ውሻ" "ድመት" "ግማታም" የሚባሉ አሉ። አንዳንዶቹ ያበባ ስም ነው ያላቸው ይባላል፣ ይሁን፣ ግን ሰው ልጁን ግማታም ብሎ የሚሰይም አይመስለኝም፣ ያወጣለት ጌታው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ ቡድሂዝም ገባና ሰላም ሆነ የሚለው ነገር። ሰባተኛው ጃያቫርማን ራሱ ሄዶ የቻሞችን አገር ያዘ እኮ፣ ባዮን ግድግዳ ላይ የባህር ውጊያው አዞው ሬሳ ሲጎትት ሳይቀር ተቀርጿል። እሱ ከሞተ በኋላ ደሞ የሂንዱ ወገን ተመልሶ በሺህ የሚቆጠሩ የቡድሃ ምስሎች ከግድግዳው ተፈልቅቀዋል፣ አንዳንዱን የሺቫ ምልክት አድርገው ቀርጸውታል። ሁሉም በሰላም ያድራል ያልከው እስከዛ ድረስ ነው።

አንድ ነገር ግን እሰጥሃለሁ፣ የህንዱ የዘር መደብ ነገር እዛ አልሰመረም። ቃሉን ወስደዋል፣ ንጉሡ ለባለሟሎቹ እንደ ማዕረግ ሲሰጠው ይታያል፣ ግን ይሄ ከዚህ አይበላ ያ ከዚያ አይጋባ የሚለው ሥርዓት አብሮ አልተሳፈረም። ዙ ዳጓን የገረመው ገበያው ሁሉ በሴት እጅ መሆኑ ነው፣ ቻይናዊ ነጋዴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው አገሬውን ማግባት ነው ይላል፣ ንግዱን የምታውቀው እሷ ስለሆነች። መርከብ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ አይራገፍም፣ የሚፈልጉትን አወረዱ የቀረውን መለሱ። እንዳንተ ባንኮክ ሄዶ ዕቃውን መርጦ እንደሚያነሳ ነጋዴ።

ዶሃ ያለችው ነርስ፦

ሰላም፣ እኔ ታሪክ አልተማርኩም ግን አብራኝ የምትሰራ የስሪላንካ ልጅ ስላለች የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ልጅቷ ቡድሂስት ናት፣ ፈተና ሲኖራት ግን ለጋኔሽ ነው የምትሳለው፣ ባለ ዝሆን ራሱ የሂንዱ አምላክ ማለት ነው። አንድ ቀን እንዴት ነው ይሄ ነገር ብያት "ቡድሃ እኮ ስራና ዲግሪ አይሰጥም፣ እሱ መንገዱን ያሳየን ነው፣ ለዚህ ለዚህ አማልክቱ አሉ" አለችኝ፣ ለሷ ምንም ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም። እነሱ አገር ብዙ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ለቪሽኑ የተለየ ቤት አለ። ባንኮክ ያየኸው ባለ አራት ፊቱም ይሄው ሳይሆን አይቀርም፣ ስለት የሚደርስበት።

ደሞ ወር በገባ ሙሉ ጨረቃ በወጣች ቁጥር አገሩ በሙሉ ሥራ ይዘጋል፣ ፖያ ይሉታል፣ እኛ ወር በወር በ12 በ21 በ27 ከምናከብረው ጋር እያነጻጸርን ስንት ጊዜ ስቀናል።

ውሃውን ግን ማንም አላነሳም! ስሪላንካ ደረቁ ወገን ላይ የሰው እጅ የቆፈራቸው ትልልቅ ሐይቆች አሉ፣ እሷ የዛ አካባቢ ልጅ ናት። በ1153 የነገሠው ፓራክራማባሁ የሚባለው ንጉሥ ከሰማይ የወረደች አንዲት ጠብታ ሰውን ሳትጠቅም ባህር እንዳትገባ ያለውን ትምህርት ቤት በቃላቸው ነው የሚይዙት። መስኖው ገዳሙን ይመግባል፣ ገዳሙ ደሞ የመስኖ ድርሻና መሬት ነበረው፣ መዝገብ ይዞ የሚያስተዳድረው እንደ መሥሪያ ቤት ነው። ገዳም ውስጥ የድሮ ሆስፒታልም አለ፣ ሚሂንታሌ የሚባል ቦታ፣ መድኃኒት የሚነከርበት በሰው ቅርጽ የተፈለፈለ የድንጋይ ገንዳ ሳይቀር በፎቶ አሳይታኛለች። ነርስ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ከሐውልቱ ሁሉ እሱ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው።

ድንጋይ አንባቢ፦

እህቴ ይሄን ስላነሳሽ፣ ሥሩ የህንዱ ንጉሥ አሾካ ጋ ይሄዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 260 ገደማ ካሊንጋ የሚባለውን የምስራቅ ህንድ አገር ወግቶ 100,000 ሰው እንደተገደለ 150,000 እንደተጋዘ ራሱ ድንጋይ ላይ አስጽፎ ተጸጸትኩ ያለ ንጉሥ ነው፣ ያሸነፈ ንጉሥ እንዲህ ሲል ሌላ የት ሰምታችኋል? መንገድ ዳር ዛፍ አስተከልኩ፣ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ለሰውም ለከብትም ሕክምና አቋቋምኩ ይላል። ቡድሂዝምን ወደ ስሪላንካ የወሰደው ማሂንዳ የሱ ልጅ ነው ይባላል። ከሁሉ የምወድለት ግን ስለ ወጥ ቤቱ የጻፈውን ነው፣ ድሮ በቀን ስንት መቶ ሺህ እንስሳ ይታረድ ነበር፣ አሁን ግን ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ብቻ፣ አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም፣ ወደፊት እነዚህም ይቀራሉ ይላል። ጣዎሱን ቶሎ መተው አቅቶት ነው! @እስኪ እናያለን፣ ስለ ባሪያዎቹ ያልከው ልክ ነው፣ ተቀብያለሁ።

ደብተራው፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ወደ እኛም ደርሷል እኮ ጎበዝ። በ1940 ደብረ ዳሞ አካባቢ ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል። ኩሻኖች ከዛሬው አፍጋኒስታን እስከ ሰሜን ህንድ የገዙ ናቸው፣ በሳንቲሞቻቸው ላይ ሺቫ ከበሬው ጋር ቆሞ ይታያል፣ ካኒሽካ የሚባለው ንጉሣቸው ደሞ ቡድሃን አስቀርጾ በግሪክ ፊደል "ቦዶ" ብሎ ጽፎበታል። ሶቆጥራ ደሴት ላይ ሆቅ የሚባል ዋሻ ውስጥ ደሞ የህንድ መርከበኞች ብራህሚ በሚባለው የጥንት የህንድ ፊደል ስማቸውን ጽፈው ሄደዋል፣ ስቱፓ (የቡድሂስቶች ጉልላት መሳይ መቅደስ) የሳሉም አሉ፣ እዛው ግድግዳ ላይ የአክሱም ሰዎች ጽሑፍም አለ። ተገናኝተው ስለ ሃይማኖት ያወሩ እንደሆን እንጃ፣ ስለ ዋጋ እንደተከራከሩ ግን አልጠራጠርም።

የሚገርመው ግን ይሄ ነው። "በራላም ወይዋሴፍ" የሚለውን የግዕዝ መጽሐፍ የምታውቁ አላችሁ? አንድ ንጉሥ ልጁ ዓለምን እንደሚንቅ ይተነበይለትና ክፉ እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዘጋበታል፣ ልጁ ግን ወጣ ብሎ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፣ ሞት እንዳለ ይሰማል፣ ከዛ ባሕታዊ አስተምሮት ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። የቡድሃ ታሪክ ነው እኮ ይሄ! ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ አረብኛ፣ ከዛ ክርስቲያን ሆኖ ዓለምን ዞረ፣ እኛ ጋ በ1553 ከአረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም ናቸው፣ እሳቸውም ከየመን የመጡ ናቸው። ይዋሴፍ የሚለው ስም ራሱ ቦዲሳትቫ (ቡድሃ ለመሆን በመንገድ ላይ ያለ) ከሚለው ነው የወጣው፣ አረቦቹ ቡዳሳፍ ብለው ጻፉት፣ በአረብኛ ደሞ ባ እና ያ ቃል መጀመሪያ ላይ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ አንዱ ጸሐፊ ነጥብ ጨመረና ዩዳሳፍ ሆነ። አንድ ነጥብ ነች እንግዲህ ቡድሃን ያስመነነችው።

የመርካቶ ልጅ 12፦

ጉድ ነው፣ ለሐውልት ጠይቄ አባ እንባቆም ጋ ደረስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ነርሷ እህታችን አንቺንም። በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ፣ አሁን ፎቶ ስነሳ ምን ላይ እንደቆምኩ አውቄ ነው። አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ፣ እባቡን የትኛው ወገን ነው በራሱ በኩል የያዘው?

ድንጋይ አንባቢ፦

በራሱ በኩል አሱራዎቹ ናቸው፣ ጭራ መያዝ ውርደት ነው ብለው ራሱን መረጡ፣ ሲናጥ ግን እባቡ እሳትና መርዝ የተፋው እነሱ ፊት ላይ ነው። አንተ በጭራው በኩል ቁም።